ለሸክላ ማጫወቻ ገንዘብ ሲመደብ የቱ ይቅደም?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ሸክላ ማጫወት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚያፈሰው ዓይን የሚስበው ዕቃ ላይ ነው፤ ደረቱ የሰፋ ስፒከር፣ መብራቱ የሚብለጨለጭ አምፕሊፋየር። መርፌው የሚገዛው በተረፈው ሳንቲም ነው። እዚህ የሚመከረው ቅደም ተከተል የዚህ ግልባጭ ነው። ደካማ ስፒከር ድምፅ ያበላሻል፤ ሲቀየር ጣጣው ያበቃል። መጥፎ መርፌ ግን ሸክላውን ራሱን ይፍቀዋል። የአምሃ ሪከርድስ፣ የካይፋ ወይም የፊሊፕስ ምልክት ያለባት፣ ከ1960ዎቹ የተረፈች ባለ 45 ዙር ሸክላ አንዴ ከተፋቀች ስፒከር ቢቀየር አትመለስም። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይሄ መጥፎ ቢሆን ጉዳቱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የማይመለሰው ይቅደም።

1. ቤት ያለውን ቁጠሩ

የድሮ ጃፓን ሠራሽ አምፕሊፋየር ካለ ዞር አድርጋችሁ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «ፎኖ» የሚል ጥንድ ቀዳዳና ከአጠገቡ ሽቦ የሚታሰርባት ትንሽ ብሎን ካሉት የፎኖ ማጉያ (ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ዕቃ) ለብቻው መግዛት አይጠበቅባችሁም። «ኦክስ» ብቻ ካለው ግን ይጠበቅባችኋል። ብሉቱዝ ብቻ የሚቀበል፣ የገመድ ቀዳዳ የሌለው ስፒከር ከዚህ ሒሳብ ይውጣ።

ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ቢንኮሻኮሽ አቧራና ዝገት ነው፤ በኮንታክት ክሊነር ይጸዳል እንጂ አምፕሊፋየር አያስጥልም። ስፒከሩን ደግሞ ሸፋኑን አንሱና በኮኑ ዙሪያ ያለውን ስፖንጅ በጣት ጫን በሉት። ከተፈረፈረ ዙሪያው ካልተለወጠ በቀር ዋጋ የለውም፤ ሻጩ «ድምፁ አሪፍ ነው» ቢልም።

2. ቮልቱን ብቻ ሳይሆን ሄርዙንም እዩ

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ዕቃው ይሠራል፤ ግን ተሳስቶ ይሠራል።

የኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው፤ ሄርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ዕቃው ብዙ ጊዜ በዘመድ እጅ ከአረብ አገር ይመጣል፤ አረብ አገር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የኤምሬትስ መስመር እንደኛው 50 ሄርዝ ነው። የሳዑዲው 60 ነው። የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ሄርዝ፣ የጃፓኑ ደግሞ 100 ቮልት ሆኖ ግማሹ አገር 50፣ ግማሹ 60 ሄርዝ ነው።

ለቴሌቪዥን ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ለሸክላ ማጫወቻ የሚያመጣው በሞተሩ ዓይነት ነው።

በቀጥታ በመስመሩ የሚዞር፣ ፍጥነቱ ሄርዝ የሚከተል ሞተር (የብዙዎቹ የድሮ ባለ ቺንጋ ማጫወቻዎች ሞተር ይህ ነው) ለ60 ሄርዝ ተሠርቶ እኛ ጋ ሲሰካ ፍጥነቱ ከስድስት እጅ ወደ አምስት እጅ ይወርዳል። በደቂቃ 33⅓ ዙር መሆን የነበረበት 28 ዙር ገደማ ይሆናል። ድምፁ በሦስት ግማሽ ድምፅ ይወርዳል፤ የሴት ድምፅ የጎረምሳ ይመስላል፣ ትዝታውም አምባሰሉም እየተጎተተ ይሄዳል። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ባገኙበት አገር ቅኝት አዛብቶ ማጫወት ደግሞ ያሳፍራል።

ትራንስፎርመር ይህን አያድንም። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል፤ ሄርዙን አይነካም። መፍትሔው የሞተሩን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን ትንሽ ክብ) መቀየር ነው። ብዙ ሞዴሎች የ50 ሄርዝ ፑሌጃ ከፋብሪካው ነበራቸው፤ ከጠፋ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ያለ ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ይሠራዋል። ልኩ እንዲህ ነው፦ የፑሌጃውን ስፋት በካሊፐር ለኩ፣ የቺንጋውን ውፍረት ደምሩ፣ በ1.2 አባዙ፣ ከዚያ የቺንጋውን ውፍረት መልሳችሁ ቀንሱ። 10 ሚሊሜትር ፑሌጃና 0.6 ሚሊሜትር ቺንጋ ከሆነ አዲሱ 12.1 ሚሊሜትር ይመጣል። ባለሙያውን አስጠንቅቁ፦ ቀዳዳው ከመሐል ፈቀቅ ካለ ፑሌጃው በዞረ ቁጥር ድምፁ ይዋዥቃል። ሞተሩ በቮልትም የማይስማማ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ከፑሌጃው ጋር አብሮ ያስፈልጋል።

በአዳፕተር የሚሠራ ማጫወቻ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» የሚል ካለ ምንም አትጨነቁ። እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ያሉ በኳርትዝ የሚቆጣጠሩ፣ ያለ ቺንጋ የሚዞሩ ማጫወቻዎችም ሄርዝ አያስቸግራቸውም፤ የጃፓን ገበያ ዕቃ ግን 100 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ክንዱን አንሱ፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን ማጥፊያው ላይ አጥፉ። መርፌው የሸክላው ቦይ ውስጥ ተቀምጦ መብራቱ ሲመለስ ዙሩም ድምፁም አብረው ይነሳሉ፤ የሚያጓራው ለስፒከሩም ለጆሮም አይመችም።

3. መርፌውና ካርትሪጁ፦ የመጀመሪያው ብር

በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች አብዛኛውን ጊዜ የሴራሚክ ካርትሪጅ አላቸው፤ ካርትሪጅ መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ትንሽ ዕቃ ነው። ሸክላው ላይ የሚጫኑት 5 ግራምና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ክንዱ ላይ ማስተካከያ የለም። በማይቆጩበት ሸክላ ይጫወትባቸው። የአባት ሸክላ ግን አይቀመጥባቸው።

የሚፈለገው ኤምኤም የሚባለው፣ በማግኔት የሚሠራ ካርትሪጅ ነው። ለመነሻ ኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ይበቃል፤ የሚጫነው 2 ግራም ነው (ከ1.8 እስከ 2.2)። ይህን የምንመርጥበት ምክንያት ድምፁ ብቻ አይደለም፤ የቪኤም95 አካል አንድ ሆኖ መርፌው በእጅ ተነቅሎ ይቀየራል። ዛሬ ክብ ጫፍ ያለው ሲ፣ ነገ ጫፉ ቀጠን ያለው ኢ፣ ገንዘብ ሲገኝ ይበልጥ የቀጠነው ኤምኤል፤ ሁሉም እዚያው አካል ላይ ይገባሉ። ለ78 ዙሩ ወፍራም ሸክላም የራሱ መርፌ አለው፤ ኤስፒ ይባላል፣ ጫፉ ሰፊ ነው፣ 5 ግራም ይጫናል። የ78 ሸክላን በተራው ቀጭን መርፌ ማጫወት ቦዩን ወለል ለወለል መጥረግ ነው፤ የሚሰማው ጫጫታ ነው።

ክብ ጫፉ በአቀማመጥ ስህተት ብዙም አይቆጣም። ጫፉ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ከሸክላው የሚያነበው ይበዛል፣ ስህተትንም አይታገስም። መለኪያ ሳይኖራችሁ ኤምኤል መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ያገለገለ ማጫወቻ ስትገዙ አብሮ የመጣውን መርፌ እንደሌለ ቁጠሩት። የአዲስ መርፌ ዋጋ ከመደራደራችሁ በፊት ሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ሻጩ «ብዙም አልሠራም» ሊል ይችላል፤ መርፌ ግን ሰዓት መቁጠሪያ የለውም። በዓይን ወይም በስልክ ካሜራ የሚታየው መታጠፉና መሰበሩ ብቻ ነው፤ መበላቱ በማይክሮስኮፕ እንጂ አይታይም። የሚያሳብቀው ጆሮ ነው፦ ዘፋኙ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» ሲል እንደሚቀደድ ጨርቅ ከተሰማ፣ ያውም ሸክላው መሐል ወዳለው ወረቀት በቀረበ ቁጥር ከባሰ፣ ወይ መርፌው ተበልቷል ወይ አቀማመጡ ተዛብቷል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ የተበላ መርፌ ሳይታወቅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከሸክላው ይወስዳል።

አምራቹ ለቪኤም95ኢ መርፌ የሰጠው ዕድሜ 300 ሰዓት ነው፤ ለኤምኤሉ 1000። በቀን አንድ ሰዓት የሚያደምጥ ሰው ኢውን በአሥር ወር ይጨርሰዋል ማለት ነው። ኤምኤሉ ሲገዛ ይወደዳል፣ በሰዓት ሲካፈል ግን ልዩነቱ ይጠባል።

4. ማጫወቻው፦ ልክ መዞርና ክንድ ማንሳፈፍ

ማጫወቻ ከስሙ በላይ ሁለት ሥራ አለበት። ሳህኑን በልክ ያዞራል፤ ክንዱን ያለ ግጭት ይሸከማል። የቀረው ጌጥ ነው።

ዙሩን ለመፈተሽ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፣ ሸክላ አስቀምጡና መርፌውን አውርዱ፣ የስልክ ሰዓት ይዛችሁ ለ3 ደቂቃ ዙሩን ቁጠሩ። በ33⅓ 100 ዙር፣ በ45 ደግሞ 135 ዙር መምጣት አለበት። አንድ ዙር ቢጎድል ወይም ቢያልፍ ይታለፋል። 95 ከመጣ ቺንጋው ላልቷል ወይም ኩሽኔታው ደርቋል። 83 ገደማ ከመጣ የ60 ሄርዝ ዕቃ ነው፤ ወደ ቁጥር 2 ተመለሱ።

ልኩ ደህና ሆኖ ድምፁ የሚዋዥቅ ከሆነስ? ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ረጅም ድምፅ የሚይዝበትን ቦታ አጫውቱ፤ ከዚህ የተሻለ መፈተሻ የለም። መዋዠቁ በየዙሩ አንዴ ብቻና በአንድ ሸክላ ላይ ከሆነ ጥፋቱ የሸክላው ነው፣ ቀዳዳው ከመሐል ወጥቷል። በሁሉም ላይ ከተሰማ ማጫወቻው ነው።

ክንዱን ደግሞ እንዲህ ፈትሹ። የመርፌው መከለያ እንደተገጠመ የኋላውን ክብደት አዙራችሁ ክንዱ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ አድርጉ። እፍ በሉበት። በቀላሉ ሄዶ በቀላሉ መቆም አለበት። መንገድ ላይ ያዝ ካደረገው፣ ወይም በጣት ወደ ጎን ሲነቀነቅ ቀጭ ካለ፣ ኩሽኔታው ተጎድቷል። ያን ማጫወቻ በነጻም ቢሰጧችሁ አስቡበት።

አዲስ ከሆነና ገንዘቡ ካጠረ ኤቲ-ኤልፒ60ኤክስን የመሰለ፣ የፎኖ ማጉያው ውስጡ ያለና ክንዱ ከፋብሪካ የተስተካከለ ማጫወቻ ከሻንጣው እጅግ ይሻላል። ጉድለቱ ካርትሪጁ በሌላ አለመቀየሩ ነው፤ መርፌው ብቻ ይቀየራል። ለማደግ የሚያስብ ሰው ክብደቱ የሚስተካከልና ካርትሪጁ በሁለት ብሎን የሚታሰር ክንድ ይፈልግ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ወይም የኮምቦልቻን ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ደሴ ወጥቶ የሚመጣ ከሆነ አስተሻሸጉ ከመግዣው እኩል ዋጋ አለው። ሳህኑን አውጡ። የኋላውን ክብደት ንቀሉ። የመርፌውን መከለያ አድርጉና ክንዱን ማረፊያው ላይ በስስ ክር እሰሩ። ሳህኑና ክብደቱ ለየብቻ ይጠቅለሉ፤ ካርቶኑ ውስጥ አብረው ከተንከባለሉ ክንዱን ይሰብሩታል። የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫንም፣ እቅፍ ውስጥ ይምጣ።

5. የፎኖ ማጉያ

ካርትሪጁ የሚሰጠው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ነው። የኦክስ ቀዳዳ የሚፈልገው በመቶ እጥፍ ይበልጣል። ከዚህም ሌላ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ፎኖ ማጉያ ይህንን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ያለ እሱ በኦክስ ከሰካችሁት ድምፁ ሩቅና ቀጭን ይሆናል፣ እንደ ተራ ስልክ።

ሁለት ጊዜ ማጉላት ደግሞ የተለመደ ስህተት ነው። ማጫወቻው ውስጥ ማጉያ ኖሮ ማብሪያው «ላይን» ላይ እያለ ገመዱ አምፕሊፋየሩ «ፎኖ» ውስጥ ከተሰካ ድምፁ ያጓራል፣ ይሰነጣጠቃል። አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። ለመጀመሪያ ደረጃ እንደ ቤሪንገር ፒፒ400 ያለች ትንሽ ማጉያ ትበቃለች፤ እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ገና ነው።

እምምም የሚል ድምፅ ካላቋረጠ የማጫወቻው ቀጭን የመሬት ሽቦ አልታሰረም፣ ወይም ማጫወቻው ትራንስፎርመር ወይም ስታቢላይዘር አጠገብ ተቀምጧል። አንድ ሜትር አርቁት።

6. ስፒከርና ክፍሉ

ለጆሮ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ስፒከር ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሁለተኛ የተደረገው ጉዳቱ የሚመለስ ስለሆነ ብቻ ነው። የስኮትላንዱ ሊን በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር «ምንጩ ይቅደም» ሲል የጀመረው ክርክር እስካሁን አላለቀም፤ የኛ ፍርድ ግን እንዲህ ነው፦ ማጫወቻው ሸክላ የማይጎዳበትና በልክ የሚዞርበት ደረጃ እስኪደርስ ምንጩ ይቅደም፤ ከዚያ በኋላ፣ ከተሻለ መርፌ በቀር፣ የሚገኘው ብር መጀመሪያ ወደ ስፒከር ይሂድ።

አምስት ወይም ስድስት ኢንች ስፋት ያለው ኮን የተገጠመለት ጥንድ ስፒከር ለአንድ ሳሎን ይበቃል። ሁለቱ በሁለት ሜትር ርቀት፣ እናንተም ከሁለቱ እኩል ሁለት ሜትር ያህል ርቃችሁ ተቀመጡ። ከግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራቁ፤ ጥግ ውስጥ ከተወሸቁ ወፍራሙ ድምፅ ያጨናንቃል። የሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ባለበት ክፍል ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ከአዲስ አምፕሊፋየር የበለጠ ይሠራሉ። ማጫወቻውና ስፒከሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡ፤ ንዝረቱ በመርፌው ተመልሶ ይገባል፣ ድምፅ ሲጨመር ይጮሃል።

ገመድ ላይ አትባክኑ። እስከ 5 ሜትር 1.5 ስኩዌር፣ ከዚያ በላይ 2.5 ስኩዌር የሆነ ተራ የመዳብ ሽቦ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር በሜትር ይገዛል።

7. ከመቶ ብር ስንቱ ለምን?

ከባዶ ለሚጀምር፦ 40 ለማጫወቻው፣ 15 ለካርትሪጅና ለመርፌ፣ 25 ለስፒከር፣ 13 ለአምፕሊፋየር (ያገለገለ፣ ፎኖ ያለው)፣ 7 ለመለኪያ፣ ለማጽጃና ለገመድ። አምፕሊፋየርና ስፒከር ቤት ካለ የነሱን ድርሻ ለማጫወቻው አዙሩት። ይህቺን 7 ብር ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ከሁሉም የማትዘለል እሷ ናት።

8. በነጻ የሚገኘው ድምፅ፦ አገጣጠም

ማጫወቻው የሚቀመጥበት በውሃ ልክ ይስተካከል፣ ወደ ፊትም ወደ ጎንም። የቆዩ የደሴ ቤቶች የጣውላ ወለል ሰው ሲራመድ ይረግባል፤ መርፌው ይዘላል። መፍትሔው ውድ እግር መግዛት ሳይሆን ግድግዳ ላይ የሚታሰር መደርደሪያ ማሠራት ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ብሎኑ ምሰሶውን ይያዝ።

ካርትሪጁ ሲታሰር አራቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በወረንጦ ያዙ፤ ቀይ ከቀይ፣ ነጭ ከነጭ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ። ከማንኛውም ሥራ በፊት የመርፌው መከለያ ይደረግ። ከዚያ የታተመ መለኪያ ወረቀት ሳህኑ ላይ አንጥፉ። ከመሐል 66 ሚሊሜትርና 120.9 ሚሊሜትር ላይ ካሉት ሁለት ነጥቦች በሁለቱም ላይ የካርትሪጁ ጎን ከመስመሩ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። አንዱ ተስማምቶ ሌላው እምቢ ካለ ካርትሪጁን ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ግፉና ድገሙ። ወረቀቱ ከታተመ በኋላ በማስመሪያ ይለካ፤ ፕሪንተሩ ካሳነሰው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ክብደቱን ለመለካት እንደ ወርቅ ቤቶቹ 0.01 ግራም የምትለካ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። ሚዛኗ ሸክላው በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ መሆን አለባት፤ ከፍ ካለች ክንዱ ቀና ስለሚል ልኩ ይስታል። ሳህኑን አውጥታችሁ ከፍታዋን አመቻቹ፣ መርፌውን በቀስታ አሳርፉ፣ 2.00 እስኪል የኋላውን ክብደት አዙሩ። ቀላል ክብደት ሸክላ ያድናል የሚባለው ውሸት ነው። መርፌው በቂ ካልተጫነ ቦዩ ውስጥ ይዘላል፣ ግድግዳውንም ይጠርባል። ከ2 ግራም ትንሽ ማለፍ ወደ 1.5 ከመውረድ ይሻላል። የጎን መሳቢያውን (ክንዱ ወደ መሐል እንዳይሳብ የሚይዘውን፣ «አንቲ-ስኬት» የሚባለውን) ከዚያው ቁጥር ጋር አድርጉት።

ሸክላው ሞኖ ከሆነና አምፕሊፋየሩ «ሞኖ» የሚል ቁልፍ ካለው ተጫኑት። የአቧራው ጫጫታ ወዲያው ይቀንሳል። በነጻ።

9. አቧራና ሙቀት

በበጋ አየሩ ይደርቃል፣ ሸክላው ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ አቧራ ይስባል። ከማጫወት በፊት በካርቦን ብሩሽ ሁለት ዙር ጥረጉ። ለቆሸሸ ሸክላ አራት እጅ የተጣራ ውሃ፣ አንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ጥቂት ጠብታ የሳህን ማጠቢያ ሳሙና፤ በለስላሳ ጨርቅ ቦዩን ተከትሎ ይጠረግ፣ በተጣራ ውሃ ይለቅለቅ፣ ወረቀቱ አይረጥብ። ለተጣራ ውሃ የባትሪ ውሃ ስትገዙ ጠርሙሱን አንብቡ፤ አሲዱም በተመሳሳይ ጠርሙስ ይሸጣል። የ78 ዙር ሸክላ አልኮል ፈጽሞ አይንካው፣ ይሟሟል።

ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፤ መስኮት አጠገብ ወይም መኪና ውስጥ የተተወ ሸክላ በአንድ ቀትር ይጣመማል። ሸክላ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይቀመጥ፣ ተጋድሞ አይደራረብ።

ዕድገት ሲመጣ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ መጀመሪያ የተሻለ መርፌ፣ ቀጥሎ ስፒከር፣ ከዚያ ፎኖ ማጉያ፣ ማጫወቻውን መቀየር በመጨረሻ። ማጫወቻው ክዳን ውስጥ ደግሞ ትንሽ ወረቀት ለጥፉና መርፌው የተገጠመበትን ቀን ጻፉ። ባለ 45 ዙር አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ 300 ሰዓት 5,000 ገጽ ያህል ይሆናል። በየወሩ የሰዓቱን ግምት ጨምሩበት፤ 300 ሲሞላ ድምፁ ደህና ቢመስልም አዲሱ መርፌ ይገባ።